በማሰሮ የመጣው እሳት

መምሬ ስማቸው ታንኳዋን ወደ ወረታ ይገፋሉ፤ ርብ ደግሞ መልሶ ወደ ጣና ይገፋታል። በዚህ ግብግብ ላይ ሳሉ ፀሐይ ከጣራ ገዳም ተራራ በላይ ወጣች፤ እሳቸው ግን ከተነሡባት ከጉብታ ማርያም ገና የጠመንጃ ጥይት ከሚደርስበት አልራቁም። ዘንጋቸውን ወደ ውኃው ሲሰዱት አንዳንዴ ጭቃ ያገኛል፣ አንዳንዴ ምንም አያገኝም። ምንም ባላገኘ ቁጥር የማርያምን ስም ይጠራሉ። ዋና አያውቁም። የፎገራ ሰው ሆኖ ዋና አለማወቅ ያሳፍራል፤ ምን ይደረግ፣ እኩዮቻቸው ርብ ውስጥ ሲንቦጫረቁ እሳቸው በቆሎ ተማሪነት አገር ለአገር ሲዞሩ ነበር ያደጉት።

ዘመኑ ፲፱፻፶ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነው። ከሦስት ሌሊት በፊት ርብ ዳርቻውን ሰብሮ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ዋጠው። ሰው ሁሉ ልጁንና ጥጃውን አቅፎ ከፍ ወዳለችው ወደ ጉብታ ማርያም ቅጥር ግቢ ወጣ፤ አርባ ቤተሰብ በአንድ አጥር ሰፈረ። እህሉ ረጠበ፣ ኩበቱ ረጠበ፣ የየቤቱም እሳት በየምድጃው ላይ ሰጠመ። ይህ ሁሉ ቢሆንም ሕዝቡን ያስደነገጠው፣ መምሬንም እንቅልፍ የነሣቸው አንድ ነገር ነበር፤ የቤተ ልሔሙ እሳት ጠፋ።

ቤተ ልሔም የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርባት፣ ከመቅደሱ በስተ ምሥራቅ፣ ከግቢው ዝቅተኛ ጥግ ያለች ትንሽ ጎጆ ናት። ዕጣን ለሚታጠንበት ለጽናውም ፍሕም የሚወጣው ከዚያው ነው። በፍልሰታ ቅዳሴው በየቀኑ ስለሆነ እሳቱ ማታ ማታ በአመድ እየተዳፈነ ያድራል፤ እንዳይጠፋ የሚጠብቀውም ሰሞነኛው ቄስ ነው። የዚያ ሰሙን ተረኛ መምሬ ስማቸው ነበሩ። ርብ ሲመጣ ተኝተው ነበር። በሰው ጩኸት ነቅተው የታቦቱ ነገር አሳስቧቸው ወደ መቅደስ ሮጡ፤ ወደ ቤተ ልሔም ሲመለሱ አመዱ በውኃ ላይ ተንሳፎ ጠበቃቸው።

ክብሪት የነበረው ክብሪቱ ረጥቧል። ባልጩት የመታም አልጠፋም፤ ብልጭታውን የሚቀበል ደረቅ ነገር ግን ከየት ይምጣ! እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ አሮጊት መነኩሲት፣ «የኤልያስ አምላክ ውኃ በጠገበ እንጨት ላይ እሳት አውርዶ የለም ወይ? እንለምነዋ!» ቢሉ፣ ሕዝቡ ሁለት ቀን ሙሉ ሲሰግድና እግዚኦ ሲል ዋለ። በሁለተኛው ቀን ማታ ሰማዩ መልስ ሰጠ፤ ዝናብ አወረደ።

ከዚያ በኋላ ሰው መምሬን ሲያያቸው አተያዩ ተለወጠ። ለሙሴ በቁጥቋጦ ውስጥ በነበልባል ተገለጠ፣ ለእስራኤል በሌሊት የእሳት ዓምድ ሆኖ መራ፣ በሐዋርያት ራስ ላይ በእሳት ልሳን ወረደ እያሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ እሳት ባለበት እሱ ካለ፣ እሳቱ ሲጠፋስ የት ሄደ? ማንም ጮክ ብሎ አልጠየቀም። የገዛ ትምህርታቸው ግን ዞሮ ያዛቸው።

«ወረታ ሂጄ እሳት ጭሬ እመጣለሁ» አሉ በሦስተኛው ቀን ንጋት፣ ማንም ሳይልካቸው።

አሁን ታንኳዋ ውስጥ ቁመው በዚያ አፋቸው ይቆጫሉ። ወረታ ከጣሊያኑ ጥርጊያ መንገድ ዳር፣ ከፍ ካለው መሬት ላይ፣ ቆርቆሮዋ ብልጭ ብልጭ ሲል ይታያቸዋል። በእግር ቢሆን ግፋ ቢል የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በመካከል ግን የርብ እናት ውኃ፣ ዋናው ወራጅ፣ ግንድ እያገላበጠ ይወርዳል። ሊሻገሩት ሲሞክሩ ታንኳዋ እንደ እንዝርት ዞረች። ከፊታቸው አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ከውኃው ብቅ አለ፤ ጉማሬ መስሏቸው «አንቺው ታውቂያለሽ!» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት የሞተ በሬ ነው፤ ሆዱ ተነፍቶ፣ ቀንዱ ወደ ሰማይ ቀንቶ፣ ታንኳዋን ታክኮ አለፈ። በሬውን ያውቁታል። የጎረቤታቸው የአድማሴ በሬ ነበር።

ዘንጉን አቅፈው ቁጭ አሉ። ቀና ሲሉ በስተ ግራቸው ከውኃው መካከል በቀረች ትንሽ ጉብታ ላይ ጢስ አዩ።

አዩ ማለት እንኳ አይሆንም። ያን ጢስ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያዩት ነበር። ከጉብታ ማርያም ሁሉም ያየዋል፤ አየሁ ያለ ግን የለም። ጉብታዋ የቀጥቃጩ የታከለና የሚስቱ የእናትነሽ ናት። ታከለ ብረት ይቀጠቅጣል፣ እናትነሽ ሸክላ ትሠራለች። አገሩ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ማሰሮውን ከእነሱ ይወስዳል፤ ከቤታቸው ግን ውኃ አይቀምስም። በቀዬው ሲያልፉ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ቡዳ ናቸው ይባላላ! የቀጥቃጭ እሳት ደግሞ ከቀጥቃጩም ይብሳል፤ ሌሊት ጅብ ሆነው የሚሞቁት እሱን ነው የሚሉም አሉ።

መምሬ ስማቸው የአሮን ልጆች ትዝ አሏቸው። ናዳብና አብዩድ ካህናት ነበሩ። ያልታዘዙትን እሳት በጽናቸው አድርገው ገቡ፤ ከእግዚአብሔር ፊት እሳት ወጥታ በላቻቸው። ይህን ሲያስቡ በዚያ ብርድ ጀርባቸውን አላባቸው። ኋላ በሽምግልናቸው ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ «ውኃው ወሰደኝ» ማለት ይወዱ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው፤ ዘንጉን ወደ ግራ ያዞሩት እሳቸው ናቸው።

ታከለ ወናፉን ሲነፋ ነበር። ቄስ በጭቃ ተለውሶ ከውኃ ሲወጣ ሲያይ ወናፉን ጣለና ብድግ አለ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ክንደ ብርቱ፣ ድምፁ ግን ቀስ ያለ ሰው ነው። እናትነሽ ከጎጆው ብቅ ብላ መምሬን አይታ መልሳ ገባች፤ ወዲያው ደግሞ ወጣች።

«ዛሬስ ማን ታመመ ተባለና ነው?» አለች፣ እንዴት አደሩ ሳትል።

«ኧረ አንቺ ሴት!» አለ ታከለ። «አባቴ፣ ይግቡ… አይ፣ እዚሁ ደጅ ይቀመጡ። ምን ሁነው መጡ?»

«ማንም አልታመመ» አሉ መምሬ። ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። «እሳት ልጭር ነው የመጣሁ።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። እሳት ሊጭር ወደ እነሱ ደጅ የመጣ ሰው ከጥንት ጀምሮ አልነበረም።

«ለማን?» አለ ታከለ።

«ለማርያም።»

እናትነሽ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች። «አይሆንም! ታከለ፣ እንዳትሰጥ! ዛሬ እንሰጣለን፤ ነገ የአንዱን ልጅ ያተኩሰዋል። ማን ነካው ሲባል እኛ ነን። ባለፈው የአድማሴ ላም ስትነጥፍ ምን እንዳሉን ረሳኸው? ማታ ደጄን ዘግቼ በተኛሁ ቁጥር ጢስ ይሸተኛል፣ መምሬ። በሕልሜም ይሸተኛል።»

«እኔም እፈራለሁ» አሉ መምሬ።

«እርስዎ ምን ያስፈራዎታል?»

ነገሯት። የአሮንን ልጆች ታሪክ፣ ያልታዘዘውን እሳት፣ የወጣችውን ነበልባል፣ ምንም ሳያስቀሩ ነገሯት። ታከለ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ።

«ያ እሳት ከቀጥቃጭ ቤት ነበር የመጣው?» አለ ሲጨርሱ።

«መጽሐፉ ከየት እንደመጣ አይልም።»

«እንግዲያ መጽሐፉ ያላለውን ለምን ይሉታል?» አለ ታከለ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «እናንተ ራሳችሁ እሳት ካየው ምን ለየው ትሉ የለም? ያየውን ሁሉ የሚያነጻ ከሆነ፣ እሳቱን ራሱን ማን ያረክሰዋል?»

መልስ አልጠበቀም። ጉጠቱን አንሥቶ ከምድጃው መካከል የቀላ ፍሕም ያዘና ወደ ላይ አነሣው። መምሬ ፍሕሙን በጉጠቱ አፍ ላይ ሲያዩ ሳያስቡት ከአፋቸው አመለጣቸው፤ «ሱራፊውም እንዲህ ነበር የያዘው።»

«የቱ?»

«ኢሳይያስ ከንፈሬ የረከሰ ነው ብሎ ሲያለቅስ፣ ከመላእክቱ አንዱ ከመሠዊያው ላይ ፍሕም በጉጠት ይዞ መጣና አፉን ዳሰሰው። ነጻህ አለው።»

ታከለ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። «በሰማይ ጉጠት አለ?»

«አለ ይላል መጽሐፉ።»

«ማን ቀጠቀጠው?»

መምሬ ስማቸው ቅኔ ቤት አራት ዓመት፣ መጻሕፍት ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጠዋል። ይህን የጠየቀ አልነበረም። ፍሕሙን ትተው ጉጠቱን ያዩ ጀመር፤ ታከለ እንኳ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው።

ነገሩን የቋጨችው እናትነሽ ናት። ወደ ጎጆው ገብታ አንዲት አዲስ ማሰሮ አወጣች፤ ከሥር አመድ አነጠፈችባት። «በገል ይዘው ውኃ ላይ አይሄዱም። ታንኳው የደንገል ሣር ነው፤ ፍሕም ቢወድቅበት እርስዎም እሳቱም አብራችሁ ትሰጥማላችሁ። ይች ማሰሮ በእሳት ነዳ የወጣች ናት፤ አንዴ እሳት የለመደ እሳት አያቃጥለውም።» ታከለ ፍሕሙን አንድ በአንድ ከተተ። እሷ አመድ አለበሰችው፣ በላዩም ገል ከደነችበት። ከዚያ ማሰሮዋን አልሰጥም ብላ ደረቷ ላይ ያዘቻት።

«ይማሉልኝ። ከየት አመጡት ቢሉዎ ከኛ እንዳይሉ።»

መምሬ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። ለመማል ነው ያወጡት፤ እሷ ግን ልትሳለም ጎንበስ አለች። ቄስ መስቀሉን ከሩቅ ነበር የሚያሳያት። ግንባሯን ሲነኳት ደነገጠች፣ እሳቸውም ደነገጡ። «አልናገርም» አሉ። ለእሷ ብለው ብቻ አልነበረም የማሉት፤ ለራሳቸውም ፈርተው ነው። ይህን እግዚአብሔር ያውቃል ብለው አንገታቸውን ደፉ።

ሲመለሱ ውኃው ከኋላ ስለገፋላቸው መንገዱ ቀለለ፤ ፍርሃቱ ግን አልቀለለም። ማሰሮዋን በእግራቸው መካከል አድርገው ጋቢያቸውን ከጀመረው ዝናብ አጠሩላት። ሙቀቷ በጉልበታቸው ይሰማቸዋል። እሳቱ በውስጧ አለ፤ እሷ አትቃጠልም። እመቤታችንን በዚያች በሙሴ ቁጥቋጦ የሚመስሏት መምህራን ይህን ማለታቸው ነበር፤ እሳቱን ተሸክማ አለመቃጠል። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት ነገር በአንዲት ሸክላ ሠሪ ማሰሮ ሲገባቸው ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። እሳቸው ግን «እኔስ? እኔ እንደ ማሰሮዋ ነድጄ መች ወጣሁ?» እያሉ ራሳቸውን ይጠይቁ ነበር።

ጉብታ ማርያም ሲደርሱ ማሰሮዋን ያየ ሰው ወደ ውኃው ዳር ጎረፈ። እልልታው ሜዳውን ሞላው። ከሁሉ ፊት ግራዝማች ማረው ነበሩ። ግራዝማች በጣሊያን ጊዜ ሸፍተው የተዋጉ፣ አሁን አጥቢያ ዳኛ የሆኑ፣ የምርኮ ካፖርታቸውን በክረምት በበጋ የማያወልቁ ሰው ናቸው። አልቤን ጠመንጃቸውን ለአሽከር ሰጥተው መምሬን በሁለት እጃቸው ከታንኳው አወጧቸው።

«ወረታ ደረሱ?»

«እግዚአብሔር አደረሰኝ» አሉ መምሬ።

ግራዝማች ወደ ሕዝቡ ዞረው «ከወረታ ነው!» ብለው ጮኹ። ሌላ የጠየቀ አልነበረም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀደሰ። ኅብስቱ በዚያ እሳት ተጋገረ፤ ፍሕሙ ወደ ጽናው ገባ። መምሬ መጋረጃውን አልፈው ገቡ። ዕጣኑን ጨመሩ። ከፍሕሙ አንዱ ጧ ብሎ ሲፈነዳ የጽናው ሰንሰለት ከእጃቸው ሊያመልጥ ደረሰ። አሁን ነው፣ ያች የአሮንን ልጆች የበላች እሳት አሁን ትወጣለች ብለው ጠበቁ። አልወጣችም። ጢሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ውጭ እማሆይ ወለተ ሐና ሲያለቅሱ ይሰማ ነበር። መምሬ ግን እፎይ አላሉም። እግዚአብሔር እንደ ሰው አይቸኩልም፤ ነገ ሊሆን ይችላል ብለው አሰቡ። በማግሥቱም ይህንኑ አሰቡ።

ከቅዳሴ በኋላ አርባው ቤተሰብ ገል ገሉን ይዞ መጣ። ከቤተ ልሔም ያልጫረ አልነበረም። ሲመሽ በግቢው ውስጥ አርባ እሳት ነደደ፤ ሰው ከሦስት ቀን በኋላ የተቀቀለ ንፍሮ በላ፣ ልብሱን አደረቀ፣ ሳቀም።

ነሐሴ ዐሥራ አራት ቀን የግራዝማች ልጅ ጸሐይነሽ ታመመች። የሰባት ዓመት ልጅ ናት። መጀመሪያ በረዳት፤ ሦስት ጋቢ ቢደርቡላትም ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ከዚያ ተኮሳት። ማታ አላባትና ተኛች፤ በማግሥቱ ተነሥታ ስትጫወት ዋለች። ንዳድ የሚሉት ወባ እንዲህ ነው፣ ቀን እየዘለለ ነው የሚመጣ። ያ ንዳድ ከመስከረም በኋላ በፎገራ ስንት ቤት እንደሚዘጋ ያኔ ማንም አያውቅም ነበር። ያወቁት አንድ ነገር ነው፤ የግራዝማችን ልጅ አንድ ነገር ይዟታል።

ዐሥራ ስድስት ቀን፣ ጾሙ ተፈትቶ ሰው ገና አፉን ሳያብስ፣ ጸሐይነሽ እንደገና ተያዘች። አሁን የባሰ ነው። አድማሴ፣ ያ በሬው የሰጠመበት፣ ይህ የበሽታ አይደለም፣ ልጅቱ ተበልታለች አለ። በአገሩ ልማድ ጢስ አጠኗት፤ ፊቷ ላይ ተደፍተው «ማነህ? ከየት መጣህ? ተናገር!» እያሉ ጠየቋት። የሚጠይቁት ልጅቱን አይደለም፣ የበላትን ነው። እሷ ዓይኗን አዙራ፣

«እሳት… እሳቱ አቃጠለኝ… አውጡልኝ» አለች።

«ሰማችሁ? እሳት ያለው ማነው?» አለ አድማሴ። «ያችን ጢስ ስናያት አልሰነበትንም?»

መምሬ ስማቸው ከመቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ቁመው ነበር። እሳት አቃጠለኝ የሚለውን ሲሰሙ አማተቡ። መጣች፣ አሉ በልባቸው። እኔን ትታ ልጅቱን ያዘች። የሸሸጉት ነገር ሁሉ በዚያች ሕፃን ግንባር ላይ ሲነድ ያዩት መሰላቸው። ሊሸሹ ፈለጉ። ግን ወዴት?

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሩጫ ሆነ። ውኃው እስከ ወገብ ወርዷል፤ ሰው ሊሻገረው ይችላል። ወንዶቹ ችቦ አሰሩ። ግራዝማች አልቤናቸውን አነገቱ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ልጃቸው እየሞተችባቸው ነው። አድማሴ ከጎረቤት ምድጃ ችቦውን ሊለኩስ ሲል ግራዝማች ከለከሉት።

«ከዚያ አይደለም። ከቤተ ልሔም ለኩሱ። ቡዳን የሚያነደው የማርያም እሳት ነው።»

ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ወደ ቤተ ልሔም መጡ፣ ለኮሱ፣ ወጡ። ግራዝማች የመጨረሻውን ችቦ ራሳቸው ይዘው ብቅ ሲሉ መምሬ ስማቸው በሩ ላይ ቁመዋል።

«ዞር ይበሉ፣ መምሬ።»

«አልዞርም።»

ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጠነ። «ግራዝማች፣ ያ በእጅዎ የያዙት የታከለ እሳት ነው።»

«ምን አሉ?»

«ወረታ አልደረስሁም። ርብ መለሰኝ። ከታከለ ምድጃ ነው የጫርሁት፤ ማሰሮዋም የእናትነሽ ናት፣ ይችውላችሁ።» በጣታቸው ወደ ውስጥ አመለከቱ። ጥቁር ማሰሮዋ ከምድጃው ጎን ተቀምጣለች። «አትናገር ብላ በመስቀሌ አስምላኝ ነበር፤ መሐላዬን ይኸው አፈረስሁ።»

ችቦው ብቻ ይንጣጣል።

«ቁርባኑስ?» አሉ እማሆይ ወለተ ሐና፣ በደከመ ድምፅ። «የተቀበልነውስ?»

«በዚሁ እሳት ነው የተጋገረው፣ እማሆይ። ዕጣኑም በዚሁ ነው የታጠነው።»

አንዲት ሴት ጮኸች። አድማሴ ችቦውን እንደ እባብ ከራሱ አራቀው፤ ሊጥለው ግን አልደፈረም፣ ሊይዘውም አልደፈረም። ግራዝማች ቀስ ብለው አልቤናቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። አፈ ሙዙ ወደ መሬት ነው፤ መምሬ ግን ከእሱ ሌላ ምንም አይታያቸውም ነበር።

«ዋሽተውናል፣ መምሬ።»

«ዋሽቻለሁ። ፈርቼ ነው። እናንተን ፈራሁ፣ እግዚአብሔርን ፈራሁ። እንደ አሮን ልጆች እበላለሁ ብዬ በየቅዳሴው ስጠብቅ ነበር፤ አምስት ቀን ሙሉ ጽና በያዝሁ ቁጥር ስጠብቅ ነበር። አልበላኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።» እንባቸው ወረደ። «እኔን ለቤተ ክህነት ጻፉና ክህነቴን ያንሡ፤ ይገባኛል። ያን ሰው ግን በምን ታነዱታላችሁ? በራሱ እሳት? ርኩስ ነው ካላችሁ የበላችሁት ንፍሮ፣ የሞቃችሁት ምድጃ ሁሉ ርኩስ ነው፤ የሚጸየፈው ካለ መጀመሪያ ሂዶ የራሱን ያጥፋ!»

ከጣና በኩል ጥቁር ደመና እየመጣ ነበር። አርባው ጢስ ከግቢው ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ዘወር እያለ የየራሱን ያይ ጀመር።

በዚህ መካከል የጸሐይነሽ እናት እመይቴ ሸዋነሽ ልጅቱ ከተኛችበት ዳስ ወጡ። የተቀመጡት ከልጃቸው ራስጌ ነበር፤ የተባለውን ሁሉ ግን ሰምተዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ፊታቸው በልቅሶ አብጧል። በሰዎቹ መካከል አልፈው መጥተው መምሬ ፊት ቆሙ።

«የልጄን አጥሚት የማፈላበትስ?» አሉ። «እሱም የታከለ ነው?»

«እሱም የታከለ ነው፣ እመይቴ።»

«ትናንት የጠጣችው? የተሻላት ቀን?»

«አዎ።»

መምሬ እርግማኑን ጠበቁ፤ ከእናት አፍ ከመጣ እንደሚይዝ ያውቃሉ። እመይቴ ግን ወደ ባላቸው ዞሩና እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጣው» አሉ። «አጥሚቱ እየበረደ ነው።»

ግራዝማች ማረው በጣሊያን መትረየስ ፊት አንገታቸውን ያልደፉ ሰው፣ ያኔ አንገታቸውን ደፉ። ችቦውን ሰጡ። እመይቴ ሸዋነሽ ነበልባሉን በመዳፋቸው ከነፋሱ ከልለው ወደ ዳሳቸው ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው ከድስቱ ሥር ከተቱት። እፍ አሉት። ከዳሱ ውስጥ የልጅቱ ማቃሰት ይሰማል፤ ገና አልለቀቃትም።

«መምሬ» አሉ ቀና ሳይሉ። «እንግዲህ ሲጠፋብን ከየት እንደሚጫር አውቀናል።»

አንዱ ችቦውን ወደ ምድጃው ወሰደ። ቀጥሎ ሌላው። አድማሴ መጨረሻ ቀረ፤ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሽሮ ወደጣደችው ሚስቱ ሄዶ አቀበላት።

መምሬ ስማቸው ወደ ቤተ ልሔም ገብተው ከማሰሮዋ አጠገብ ተቀመጡ። በበሩ በኩል ከውኃው ማዶ የታከለ ጢስ ይታያል፤ ከዚያች ጢስ ሥር አንዲት ሴት ዛሬም በሯን ዘግታ ልትተኛ ነው፣ ምን እንዳለፋት ሳታውቅ። ሲመሽ ፍሕሙን ሰብስበው አመድ አለበሱት። ሰሙናቸው በዚያ ቀን አልቋል፤ ተረኛው ሌላ ቄስ ነበር። እሳቸው ግን ከምድጃው አጠገብ አልተነሡም፤ እስኪነጋም አልተኙም።